የምዕራቡ ደረጃ

ኸልፋን ቢን ዛህራን አዲስ ሕንፃ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ማለት ነበር። ሰላም ያለውን ሰው እንኳ በእጁ «ቆየኝ» ይለዋል። ከዚያ ኩማውን፣ ጥልፍ ቆቡን፣ ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና የእጁን ጀርባ በውሃ አርጥቦ ወደ በር ስንጥቅ ያስጠጋል። አየር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዚያ ያውቃል። መለኪያ አጥቶ አይደለም፤ ሙሉ ሳጥን መሣሪያ ነበረው። «መሣሪያ የጠየቅኸውን ብቻ ይመልሳል፤ ቆዳ ግን ያልጠየቅኸውንም ይነግርሃል» ይል ነበር።

ሱሃር ውስጥ የኩላሊት ሕሙማን ደማቸው የሚታጠብበት ባለ ሰባት ፎቅ ክሊኒክ ሲሠራ ከመሠረቱ ጀምሮ ዘበኛው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። የምጽፈው ያየሁትንና እሱ ራሱ የነገረኝን ነው።

ኸልፋን የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር ባለ የቴምር መንደር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጦር ሠራዊት ገብቶ ማቀዝቀዣ መጠገን ተማረ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የወታደሩን ሥጋ፣ መድኃኒትና መኝታ ቤት ሲያቀዘቅዝ ኖረ። በጡረታ ሲወጣ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ባለ ሕንፃዎች ሁሉ አንድ ወረቀት ይፈልጉ ጀመር፦ ሕንፃቸው መብራትና ውሃ እንደማያባክን፣ ቅዝቃዜ እንደማያፈስ የሚመሰክር፣ መግቢያው ላይ በመስታወት ተደርጎ የሚሰቀል። እኛ «አረንጓዴው ወረቀት» እንለዋለን። ወረቀቱ እንዲሰጥ ታዲያ ከሠሪዎቹ ወገን ያልሆነ ሰው ገብቶ፣ ማሽኑን፣ ቧንቧውን፣ በሩን አንድ በአንድ ፈትሾ «የተባለውን ይሠራል» ብሎ መፈረም አለበት። ያ ሰው ኸልፋን ሆነ። አንድ የአማካሪዎች ድርጅት ቀጠረው። ፊርማው የጉንዳን ያህል ትንሽ ነበረች። ሰው ሲቀልድበት፣ «ፊርማውን የሚያገዝፍ ሰው ነገሩን አላየውም ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል።

የክሊኒኩ ሥራ ለእሱ እንደ ሌላው ሥራ አልነበረም። ሚስቱ ዙዌይና ኩላሊቷ ከከዳት ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ መታጠብ አለበት። አሮጌው ክፍል ስድስት ማሽን ብቻ ነበረው፤ ሕሙማኑ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዘው ተራ ሲጠብቁ የሰዓታቸው ግማሽ ያልቃል። በአዲሱ ክሊኒክ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ አራት ማሽን ሊተከል ነው። ዙዌይና እኔን ባየችኝ ቁጥር፣

«አቡ ሱዓድ፣ ቤቴ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኛለች።

«ባልሽን ጠይቂው። እሱ ነው የማያስጨርሰን።»

«እሱማ የራሱን ቤት ቧንቧ ሳይጠግን ሦስት ክረምት አልፎታል። የመንግሥት በር ሲሆን ግን ከበሩ ጋር ያድራል።»

እንዲህ ስትል ኸልፋን መኪናው ውስጥ ሆኖ የማይሰማ ይመስላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ክንዷን ይይዛታል።

ሕንፃው ሲታሸግ ድምፁ ጠፋ። እኔ ብዙ ቤት ጠብቄያለሁ። የድሮ ቤት ከሰሜን ነፋስ ሲነሣ ያፏጫል፤ በሩ ይንኳኳል፣ መስኮቱ ይንጫጫል፣ ብቻህን አይደለህም። ይህ ግን ውጭ ነፋሱ አሸዋ እያጎነ፣ ውስጡ የራስህን ትንፋሽ ያሰማሃል። ስንጥቅ የሚባል የለውም። በሮቹ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ሲዘጉም ሰው ከንፈሩን እንደሚገጥም ነው። ጉል ነዋዝ የሚባል ከፔሻዋር የመጣ የቀለም ቀቢዎች አለቃ ነበር። አንድ ቀን ብሩሹን እያጠበ፣

«ባባ፣ ይሄ ቤት መቃብር ነው» አለኝ።

«አፍህን ያዝ፤ የሕሙማን ቤት ነው።»

«ጥሩ መቃብር ነው ያልኩት! ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ። እኔም ብሆን ሌላ አልመርጥም።»

ሳቅን። ሳቃችን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አሁን ስለ ደረጃው ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። ሕንፃው ሁለት ደረጃ አለው፤ የምሥራቅና የምዕራብ። እሳት ቢነሣ ሊፍቱ ይቆማል፤ ሰው የሚወርደው በደረጃ ነው። ጢስ ወደ ደረጃው እንዳይገባ ጣሪያው ላይ ያለ ትልቅ ማራገቢያ ይነሣና ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በአየር ይነፋዋል። አየሩ ካነሰ ጢሱ ይገባል። ከበዛ ደግሞ፣ በየፎቁ ያሉት በሮች ወደ ደረጃው የሚገፉ ስለሆኑ፣ አየሩ ከዚያ ወገን ሆኖ ይይዛቸዋል። ሰው ቢገፋ አይከፈቱም። እንዳይበዛ ሲባል ከደረጃው አናት ላይ አንድ መተንፈሻ ተሠርቷል፤ እንደ መስኮት ያለ፣ የብረት ቅጠል ያለው፣ አየር ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስወጣ።

ኸልፋን ይህን የፈተሸው በሐምሌ ነው። በዚያ ወር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ውጭ መሥራት በሕግ ክልክል ነው። ሠራተኞቹ ከፀሐይ ሸሽተው የሚተኙበት አንድ ቀዝቃዛ ቦታ ደረጃው ነበር። በየፎቁ መውጫ ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ ነፋስ እንዲያልፍላቸው በሩን በነጠላ ጫማ ወይም በሲሚንቶ ከረጢት ገርበብ አድርገው ይተኛሉ። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ደረጃው ዕቃ በሚያወጣና በሚያወርድ ሰው ይሞላል። ስለዚህ ኸልፋን ሁልጊዜ የሚለካው በእረፍቱ ሰዓት ነው። ማራገቢያውን ያስነሣል፣ ወደ አንድ ፎቅ ይወጣል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች በአክብሮት ተነሥተው የራሳቸውን በር ይዘጉለታል፤ ባለ ሞላ ሚዛኑን ከበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ይጎትታል፣ ይጽፋል። ከላይና ከታች ያሉት ሌሎቹ በሮች ግን ገርበብ እንዳሉ ናቸው።

አይቷቸው ነበር። እኔም ከኋላው ሆኜ አይቻቸዋለሁ። «ሁሉንም ላስነሣልህ?» ብለው፣

«ተዋቸው» አለኝ። «ከንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ብረት ላይ ናቸው። ለአንዲት ስንጥቅ ብሎ የደከመ ሰው የሚቀሰቅስ አላህን አይፈራም።»

በድሮ ቤት እውነቱን ነበር። በሺህ ስንጥቅ በሚያፈስ ቤት አንድ ስንጥቅ ምንም አይደለም። ሚዛኑ ዘጠኝ ኪሎ አለ፣ አሥር አለ። ወሰኑ አሥራ አንድ ነው። ኸልፋን ያቺን የጉንዳን ፊርማውን ፈረመ።

መስከረም ገባ፤ ሠራተኞቹ ወጡ፤ ካርቶኑም ነጠላ ጫማውም ተጠረገ። ክሊኒኩ ሐሙስ ሊመረቅ፣ ሕሙማኑ እሑድ ሊገቡ ተቀጠረ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲፈተሽ የደረጃዎቹ ማራገቢያም አብሮ ይነሣል። ከምርቃቱ ስምንት ቀን በፊት በነበረው ረቡዕ እኔ አምስተኛው ፎቅ ላይ መብራት እያጠፋሁ ነበር። በምዕራቡ ደረጃ ልወርድ በሩን ገፋሁ። አልሄደም። በትከሻዬ ገፋሁ። ጣት የምታስገባ ያህል ተከፈተና መልሶ ተዘጋብኝ፤ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ቆሞ የሚይዘው መሰለኝ። «ማነው?» ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም፤ ከበሩ ሥር ብቻ ቀጭን ፉጨት። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ በሩ ምንም እንዳልሆነ ተከፈተ። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። እርጅናዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ጉልበቱ መሄዱን በአደባባይ አያወራም። በማግስቱ ኸልፋን ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ፣ የቃህዋ ቡና እየቀዳሁለት እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩት።

ፍንጃሉን ሳይጠጣ አስቀመጠ።

«በየትኛው ደረጃ?»

«በምዕራቡ።»

«ማራገቢያው እየሠራ?»

«እየሠራ። ምናልባት እኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ...»

«አቡ ሱዓድ፣ አንተ የጋዝ ሲሊንደር በትከሻህ ይዘህ ሰባት ፎቅ የምትወጣ ሰው ነህ። ተነሥ።»

ወጣን። ማራገቢያውን አስነሣ፣ ሚዛኑን አንጠለጠለ፣ ጎተተ። ሚዛኑ ሃያ ሦስት ኪሎ አለ። አውርዶ አየው፤ መልሶ ሰቀለው። ሃያ ሦስት። ስድስተኛ ፎቅ ሄድን፤ ሃያ አራት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና የሐምሌውን ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ከፊርማው ጋር ትክ ብሎ ተያየ። ጉል ነዋዝ ለመጨረሻ እርማት ቀለም ይዞ ሲወጣ አገኘን።

«ባባ ኸልፋን፣ ምነው ከሰል መስለዋል?»

«በሩ ተለውጧል» አለው ኸልፋን። «በሐምሌ ዘጠኝ ነበር።»

«በሐምሌማ እኛ ነበርን! ሰባቱም በር ውስጥ የእኛ ጫማ ነበር። የኛ ጫማ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ።» መሳቅ ጀመረና የኸልፋንን ፊት አይቶ ተወው።

ያን ጊዜ ኸልፋን ወደ ጣሪያው ሮጠ ማለት እችላለሁ፤ ከዚያ በፊት ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። የምዕራቡ ደረጃ መተንፈሻ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያውን በብርማ ፕላስተር ታሽጓል። ለአረንጓዴው ወረቀት ሕንፃው ምን ያህል እንደሚያፈስ ሲለካ፣ ለዚያ ሰዓት ብቻ ብለው አሽገውት ነበር። ያሸገው ሰው አልፈታውም። የሐምሌው ፍተሻ የተደረገውም መተንፈሻው እንዲህ ታፍኖ ሳለ ነው፤ የሠራተኞቹ ጫማ ስላስተነፈሰው አልታወቀም። ሁለቱም ወረቀት፣ የበሩም የማፍሰሱም፣ ትክክል ነው። ሁለቱም ላይ የጉንዳኗ ፊርማ አለች።

ኢንጂነር ኒዳል፣ የአማካሪዎቹ አለቃ፣ ከአማን የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ ኸልፋንን በልጁ ስም አቡ ዛሂር ይለዋል። ኸልፋን ደውሎለት በዚያው ቀን መጣ። ጣሪያው ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ቁልፍ ይዤ በሩ ጋር ነበርኩ።

«እንፍታው» አለ ኸልፋን።

«እንፈታዋለን፣ አቡ ዛሂር፣ ማን አንፈታም አለ? ግን ይስሙኝ። የመጣልን ቅጠል ርካሽ ነው፤ ተዘግቶም ያፈስሳል። ላስቲኩ ሲነሣ ቀኑን ሙሉ ቅዝቃዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት የመብራት ቆጠራ ይበላሻል። ጥሩውን ቅጠል አዝዣለሁ። ስድስት ሳምንት ነው።»

«ስድስት ሳምንት ሰው እዚህ ውስጥ ይተኛል።»

«ሐቢቢ፣ ሱሃር ውስጥ በስድስት ሳምንት ስንት ክሊኒክ ሲቃጠል አይተዋል?»

«አንድም።»

«እንግዲህ!»

«እንግዲህ ምን? ያልተቃጠለውን ልቁጠርልህ?»

ኒዳል ላቡን ጠረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊርማው የእርስዎ ነው፣ አቡ ዛሂር። ዛሬ ስህተት ነው ካሉ ከዚህ በኋላ በፊርማዎ ማን ሕንፃ ይቀበላል? ደግሞ የድሮው ክፍል የሚመጣው ሐሙስ ይዘጋል፤ ማሽኖቹ እየተነቀሉ ነው። ምርቃቱ ቢራዘም እሑድ የሚታጠቡት ሰዎች የት ይሂዱ? የቤትዎ ሰው የት ትሂድ?» አለው።

ኸልፋን ፊቱን አዞረ። ባሕሩን ይመለከት ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዙዌይናን ይዞ መጣ። ሕንፃው ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም። ወረፋዋ ቅዳሜ ስለሆነ ፊቷ አብጦ፣ እግሯ ከብዶ ነበር። በሊፍት አምስተኛ ፎቅ አወጣናት። ማሽኖቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። በእጇ ዳሰሰቻቸው።

«ያምራል» አለች። «መጋረጃም አለው። እንግዲህ ምን ላሳይሽ ብለህ ነው በሙቀት ያወጣኸኝ?»

«ያቺን በር ግፊልኝ።»

«በር ለማስገፋት?»

«አንዴ ብቻ።»

ማራገቢያውን አስነሣሁት። ከላይ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ መጣ። ዙዌይና መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ገፋች። ከዚያ ሁለት እጇን። ከዚያ ጀርባዋን አዙራ ተደገፈችና በእግሯ ወለሉን ረገጠች። ፉጨቱ ከእግሯ ሥር ይወጣል። በሩ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም። ኸልፋን እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል፤ አላገዛትም። እኔ ልጠጋ ስል በዓይኑ መለሰኝ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ሲፈርሙ ማንን ነበር ያሰቡት፣ ጌታው?» አለችው። «ወታደር ነው የሚታጠበው እዚህ?»

«አላሰብኩም» አለ። «ደክሟቸው ተኝተው ነበር። አዘንኩላቸው።»

«እዘንላቸው። ማዘን መቼ ነውር ሆነ። ለእኔም እዘንልኝና እሑድ ማሽኑን አትከልክለኝ። ያለ ማሽን ሳምንት አልቆይም። በሩን አንተ ፈልግለት።»

በዚያው ቀን ወረፋ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈ። በምዕራብና በምሥራቅ ደረጃ ላይ የሰጠሁትን ፊርማ አንሥቻለሁ የሚል ነው። አንዱን ለኒዳል፣ አንዱን ለክሊኒኩ ኃላፊ ለዶክተር ሙዝና ሰጠ። ዶክተሯ አንብባ በማግስቱ ኒዳልን ጠርታ ጣሪያ ላይ ይዛው ወጣች። ላስቲኩ በፊቷ ተፈታ። ኸልፋን በሮቹን ሁሉ ዘግቶ፣ አንድ በአንድ እንደገና ለካ። ስምንት። ዘጠኝ። ስምንት። ክሊኒኩ ሐሙስ ተመረቀ፤ ሐልዋ ተበላ፤ ወረቀቱ በመስታወት ተሰቀለ። የኸልፋን ቅጥር በወሩ መጨረሻ አልታደሰም። ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ እነሱም አልነገሩትም።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ እኔም አልጽፈውም ነበር።

በየካቲት ሁለት ወጣቶች መሣሪያ ጭነው መጡ። አረንጓዴው ወረቀት ከፍ ወዳለ ደረጃ እንዲያድግ ሕንፃው እንደገና ሊለካ ነው አሉ። ደብዳቤ ሰጡኝ። እኔ ማንበብ የተማርኩት አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ስለዚህ ወረቀት ስቀበል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ማንም «ይነበብልህ» እንዲለኝ አልፈቅድም። አነበብኩት። ማኅተሙ በቦታው ነው፣ ፊርማው በቦታው ነው። «መተንፈሻዎች ለመለኪያው ሰዓት በጊዜያዊነት ይታሸጋሉ» ይላል። ጊዜያዊ የሚለውን ቃል አንብቤ አለፍኩ። የጣሪያውን በር ከፈትኩላቸው። ማታ ሲወጡ ሰላም ተባብለን ተለያየን። ጣሪያ ወጥቼ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ዝናብ የያዘ ዳመና ሳምንት ሙሉ ቆየ፤ ጣሪያ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ጄኔሬተሩ ለጥገና ስለ ወረደ የረቡዕ ፍተሻም አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ፎቅ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንድ ማድረቂያ መጤስ ጀመረ። እሳቱ ትንሽ ነበር፤ ጢሱ ግን ጥቁር፤ የምሥራቁን ደረጃ ወገን ሁሉ ሞላው። ደወሉ ጮኸ፤ ሊፍቱ ቆመ፤ ማራገቢያዎቹ ተነሡ። አምስተኛው ፎቅ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው ከማሽን ጋር ታስሮ ነበር። ከእነሱ አንዷ ዙዌይና ናት።

ኸልፋን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ይጠብቃት ነበር። እኔ ወደ ዋናው መግቢያ ስሮጥ እሱ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል፤ ጆሮውን ወደ ጣሪያው አዘንብሎ። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ እሱ ያዳምጣል።

«ታፍኗል» አለ።

«ምኑ?»

«የምዕራቡ። ድምፁን አትሰማም? የሚወጣበት አጥቷል። የታችኛውን በር! አቡ ሱዓድ፣ ቁልፍ! ቁልፍ!»

የደረጃው የታችኛው በር ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ከውጭ ግን እጀታ የለውም፤ ቁልፉ በወገቤ ነው። ቁልፉን የቱ ጋ እንዳስገባሁ አላስታውስም። ሲዞር በሩ ከእጄ ተፈልቅቆ ግድግዳውን መታ፤ ከውስጥ የወጣው ነፋስ ኩማዬን ወሰደው። ወዲያው ከላይ፣ ከሩቅ፣ በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ ደረጃው ውስጥ ገባ።

ልወጣ ስል ኸልፋን ያዘኝ። «በሩን። ከተዘጋ ይታፈናል። አንተ እግሩን ያዝ።» እሱም ትከሻውን በሩ ላይ ለጠፈ። ሽቅብ ይመለከታል፤ መውጣት ይችላል፤ ሚስቱ እዚያ ናት፤ አልወጣም። 

ወረዱ። ነርሶች ሰው ደግፈው፣ ሰው ታቅፈው። ቱቦ በክንዳቸው ላይ ተቆልፎ የሚንጠለጠል፣ ጥጥ የያዙ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ። ኸልፋን የእያንዳንዱን ፊት ያያል፤ ዙዌይና አይደለችም። ሌላ። አይደለችም። ደረጃው ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ ዛሬም በጆሮዬ እሰማታለሁ።

ከዚያ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ። ዙዌይና ከአንዲት ከሷ በባሰች አሮጊት ጋር ተደጋግፋ በመጨረሻ ወረደች። ክንዷ እስከ ጣቷ ደም ነበር።

«ገፋን» አለችው። «አሥራ አንድ ሆነን ገፋን። ወንዶቹም ገፉ። ከዚያ በድንገት ተከፈተና ከፊት ያሉት ተደፉ።» ትንሽ አስባ፣ «ዛሬም ደክሟቸው ነው?» አለች።

ሰው አልሞተም። ጋዜጣው በሁለት መስመር ጽፎት አለፈ፤ «ሕንፃው እንደታቀደው ሠርቷል» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ኸልፋንና እኔ ጣሪያ ወጣን። መተንፈሻው ላይ አዲስ ላስቲክ አለ። ፕላስተሩ ያብረቀርቃል፤ ማዕዘኑ ላይ በስክሪብቶ ቀን ተጽፎበታል፤ የታሸገበት ቀን። የሚፈታበት ቀን ቦታ ባዶ ነው። ኸልፋን በጥፍሩ ይልጠው ጀመር።

«ማን ከፈተላቸው?» አለ፣ ሳያየኝ።

«እኔ» አልኩት። «ወረቀት ነበራቸው። አንብቤዋለሁ።»

እጁ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ መላጡን ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የጣሪያው በር በካርድ ነው የሚከፈተው። ከእሳቱ በኋላ «ማንም እንዳይነካካ» ተብሎ አዲስ ቁልፍ ተገጠመለት። ካርዱ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ቢሮ ነው፤ ለእኔም ለኸልፋንም አይሰጥም። ወረቀቱ ወደ ላይኛው ደረጃ አድጎ ተሰቅሏል፤ በየዓመቱ እንደሚታደስም ሰምቻለሁ። ሲያድሱ እንደገና ይለካሉ።

ዙዌይና ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች። ነርሷን ለምና ከምዕራቡ በር አጠገብ ያለውን ማሽን ወስዳለች። ነርሷ «እዚያ ነፋስ አለ፣ ኡም ዛሂር» ብትላት፣ «ነፋስ ካለ ደግ ነው፤ ይንፈሰኝ» አለቻት።

ኸልፋን መኪናውን የሚያቆመው ከዚያ ደረጃ ሥር ነው። በዚህ በሐምሌ፣ ውሃው በአየር ላይ በሚፈላበት ወር፣ ሌላው ሾፌር ሁሉ ሞተሩን አስነሥቶ መስኮቱን ዘግቶ በቅዝቃዜ ይተኛል። ዕድሜውን በማቀዝቀዝ የጨረሰው ኸልፋን ሞተሩን ያጠፋል፤ አራቱንም መስኮት ያወርዳል። ሞተሩ ከሠራ የጣሪያውን ድምፅ አይሰማም። አራት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ይቀመጣል፤ ላቡ በረጅሙ ቀሚሱ፣ በዲሽዳሻው፣ ላይ ይወርዳል። ውሃ ወስጄ ስሰጠው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም እላለሁ።